አሳማዋ ድንጋይ

ሀርትሎው፣ የላይኛው መንገድ
ረቡዕ፣ ሜይ 4 ቀን 2005

ውድ ወንድሜ ዊልፍ፣

ደብዳቤህ ከማርች ጀምሮ ከግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ ተቀምጧል። አቧራ እንዲይዘው አልተውኩትም። ሰዓቱን ስሞላ አነሳዋለሁ፣ አነበዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። መልስ ሲዘገይበት ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ታማ ይሆናል ብለሃል። አልታመምኩም፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል። ቅር ብሏት ይሆናልም ብለሃል። እሱም አይደለም።

ስልክ ልደውልልህ አስቤ ነበር። ግን ስልክ ላይ ትንሽ ዝም ካልኩ "ኢኒድ? አለሽ?" ትለኛለህ፤ ያኔ የያዝኩት ሁሉ ይበተናል። ወረቀት አይቸኩልም።

የጠየቅኸኝ አንድ ነገር ነው። "ማርጅ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል። መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ። በሐይቁ በኩል ያለው ክፍል ያንቺ ነው።" ከዚህ በፊትም ብለኸኛል። ያኔ ማርጅም ከሥር በራሷ እጅ "እውነቱን ነው፣ ነይ" ብላ ጨምራበት ነበር። እኔም የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "እኔ ከመጣሁ አሳማዋን ማን ያሳያቸዋል?" አንተ ትስቃለህ፣ ወይም የምትስቅ ይመስለኛል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ዘንድሮ ግን ያ መልስ የለኝም። ሰኞ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ከእጄ ወጣ። እንዴት እንደወጣ ልንገርህና ወደ ጥያቄህ እመለሳለሁ።

በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያችን ነገር ጽፈሃታል። በየጥቂት ዓመቱ ትጽፋታለህ፤ እንደረሳሃት ሳስብ ትመጣለች። "አባባ ባቡር ጣቢያ እንኳ አልመጡም። ሂድ ብለው የለቀቁኝ ሰው የለም፤ እኔ ነኝ ያመለጥኩት።" ስለ እሷም እጽፍልሃለሁ። ሁለቱ አንድ ነገር ሳይሆኑ አይቀሩም።

*

ወሬውን ላስቀድም። ጃንዋሪ ላይ ጅረቱ ሞልቶ የታችኛውን ድልድይ አንድ ጎን ይዞት ሄደ። አባባ ግንዱን በግማሽ እየቆረጡ ያስተኙት የእሾህ አጥር ግን ውሃው በላዩ አልፎ፣ ጭቃ ለብሶ፣ ይኸው ደግሞ አበባ ሊያወጣ እንቡጡን ወጥሯል። ያን ያህል ተቆርጦ እንዴት እንደሚኖር ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር። አሁንም በደንብ አልገባኝም።

ዶሪን ሙል አሁንም ሱቋ ውስጥ ናት። ፀጉርሽ የቀበሮ ጅራት ነው እያልክ ስታስለቅሳት የነበረችው ዶሪን። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም። ቴምብር ልገዛ በሄድኩ ቁጥር "ያ ቀበሮ አዳኝ ወንድምሽ መቼ ነው መጥቶ ይቅርታ የሚጠይቀኝ?" ትላለች።

ትምህርት ቤታችን ተሸጧል። የገዛው ሚስተር ፊች የሚባል ከበርሚንግሃም የመጣ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነው። አንተ ፊደል የቆጠርክበት ክፍል ውስጥ አሁን ሶፋ አለ። መልካም ሰው ነው፣ ትንሽ አድካሚ ነው እንጂ። የየማሳውን ስም ማወቅ ይፈልጋል። በር አንኳኩቶ "ወይዘሪት ትራንተር፣ ከወፍጮው ጀርባ ያለው ማሳ ምን ይባላል?" ይላል፣ በዝናብ። ዶሪን "ጥርሳችንን ቆጥሮ ሲጨርስ መሬታችንን ሊቆጥር መጣ" ትላለች። እሱም ይሰማል፣ ይስቃል።

*

ዘንድሮ የድንበር ዙረት ዓመት ነበር።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ምንም ያልተለወጠ ነገር ቢኖር እሱ ነው። በሰባት ዓመት አንዴ፣ ከዕርገት በፊት ባለው ሰኞ፣ የአኻያ በትር ይዘን የአጥቢያውን ድንበር እንዞራለን፣ ድንጋዩን ሁሉ እንመታለን። ልጆቹ በየድንጋዩ ይዘቀዘቃሉ፤ አናታቸው ድንጋዩን ሦስት ጊዜ ይነካል፤ ሰው ሁሉ "አስታውስ!" ይላል። ካርታ በሌለበት ዘመን የልጅ አናት ካርታ ነበር ይሉናል። ቀሪዎቹ ድንጋዮች መንገድ ዳር ናቸው፣ ዕውርም አያጣቸውም። አሳማዋ ብቻ ናት አስቸጋሪ። ጅረቱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ፣ ግማሽ አካሏን ጭቃ ውጧት፣ ሳማ ለብሳ ትተኛለች፤ ውሃውም በየጊዜው ቦታውን ይቀያይራል። የእኛ ቤተሰብ ድንጋይ ናት። የተዘቀዘቀ ሰው ካላሳየ አትገኝም ይባላል። ስለዚህ አባባ ከሞቱ ወዲህ የማሳየው እኔ ነኝ። ሰዎች "እንዴት ታውቂያለሽ?" ሲሉኝ አናቴን መታ መታ አድርጌ "ይኼ ያውቃል" እላቸዋለሁ። ይወዱታል። እኔም እወደው ነበር።

ዘንድሮ በማርች መጨረሻ ቄሷ በአዳራሹ ሰበሰበችን። ቄስ ሮዛሊንድን አታውቃትም፤ ወጣት ናት፣ ጥሩ ትሰብካለች፣ ብስክሌቷ ብሬክ የለውም።

"ልጅ መዘቅዘቅ ዘንድሮ አይቻልም" አለች። "ኢንሹራንሱ አይፈቅድም። አንዱ አንገቱን ቢቀጭ ማን ይጠየቃል?"

ትልቁ ፒዩ፣ ከብት ያለው፣ ተነሣ። "እኛ ሁላችን ተዘቅዝቀናል። ምን ሆንን?"

"እስኪ ዞር ብለው ይዩን፣ እመቤቴ" አለች ዶሪን ለቄሷ። "ምን እንደሆንን ራስዎ ይፍረዱ።"

አዳራሹ ሳቀ። ፒዩ ብቻ አልሳቀም፣ ተቀመጠ። ከዚያ ሚስተር ፊች እንደ ተማሪ እጁን አወጣ፣ ያውም በዚያው በተማርንበት ቤት የሚኖር ሰው።

"አዋቂስ ይከለከላል?"

ቄሷ ወረቀቷን ገለጠች። "ስለ አዋቂ የሚል ነገር የለም።"

"እንግዲያው እኔን ዘቅዝቁኝ።"

"ሚስተር ፊች" አለች ዶሪን፣ "እርስዎን ለመዘቅዘቅ እኮ ትራክተር ነው የሚያስፈልገው።"

"ስመጣ ቀጭን ነበርኩ፣ የእርስዎ ሱቅ ኬክ ነው እንዲህ ያደረገኝ" አላት። "ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አንገት ወደ ኋላ ሳጋድም ነው የኖርኩት። ተራዬ ደርሷል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ወይዘሪት ትራንተር፣ የትኛው ድንጋይ ላይ ልሁን?"

ሰው ሁሉ አየኝ። አሳማዋ ከእኔ በኋላ ሰው የላትም። እኔ አልወለድኩም፣ ያንተ ልጆች እዚያ ካናዳ በረዶ ላይ ነው ያደጉት። ይህንን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም።

"አሳማዋ ላይ" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከቤት አንድ ዕቃ አውጥቼ ለሰው የሰጠሁ መሰለኝ። ምን እንደሆነ ግን ያኔ አላወቅኩም። ቤት ገብቼ ክፍሎቹን አየሁ። ሁሉም በቦታው ነበር።

*

ሰኞ ጠዋት ደረቅ ነበር፣ ነፋሻ። ብዙ ሰው ወጣ። ኩኩ ወፍ ከጎረቤታችን አጥቢያ ከስተንብሪ በኩል ትጮህ ነበር፣ ዶሪንም "እሷም ከዚያ ማዶ ናት፣ እኛ ዘንድ መምጣት ትጠየፋለች" አለች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ መታን። ከሰዓት በፊት ጅረቱ ጥግ ደረስን።

ጎርፉ አፈር አልብሶታል። ሳማው ወገቤ ድረስ ነው። ሁሉም ቆሙና ወደ እኔ አዩ፤ እኔም እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ወደ አኻያው ዛፍ ሄድኩ። ከአኻያው ሥር ቆሜ፣ የቤተክርስቲያናችንን ግንብ ጫፍ ከማዶው ጎተራ ጣሪያ ጋር አገናኝቼ፣ ዓይኔን ወደ ውሃው ዝቅ አደረግኩ።

"ተመልከቷት!" አለች ዶሪን ከኋላዬ። "አናቴ ያውቃል ትላለች፤ በዓይኗ ነው የምትፈልገው!"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። "እዚያ ጋ" አልኩና በበትሬ አሳየሁ። ፒዩ ሳማውን አጨደ፣ አካፋ አስገባ፣ የአሳማዋ ጀርባ ድም አለ። ሰው አጨበጨበ።

እኔ ግን ወደ ድንጋዩ አልሄድኩም። እዚያው ከአኻያው ሥር ቀረሁ፤ ለምን እንደቀረሁ አላውቅም። የሰዉን ኮት ሰብስበው ሰጡኝና ያዝኩት።

ፊች መነጽሩን ለቄሷ ሰጠ። ሁለቱ የፒዩ ወንድማማቾች ቁርጭምጭሚቱን፣ ሁለት ሌሎች ሰዎች ትከሻውን ያዙ። "አሁን አስነጥሷችሁ እንዳትለቁኝ" አለ። ተገለበጠ። ሸሚዙ ፊቱ ላይ ወረደ። ሆዱ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ እምብርቱ ታየ፤ ልጆቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። አንድ ጊዜ። "አስታውስ!" ሁለት ጊዜ።

ዊልፍ፣ ያኔ ነው።

*

እኔ የተዘቀዘቅኩበትን ቀን ስንት ጊዜ እንደተረክሁት ታውቃለህ። ለትምህርት ቤት ልጆች ተርኬዋለሁ፣ ለጋዜጣ ሰው ተርኬዋለሁ፣ ለራሴ እንቅልፍ ሲያጥረኝ ተርኬዋለሁ። እንዲህ ነው፦ ሸሚዙ ፊት ላይ ይወርዳል። ሆድ ይታያል፣ ቀጭን፣ የጎድን አጥንት የሚቆጠር። ከእምብርቱ አጠገብ አንድ እርጥብ የሣር ቅጠል ተለጥፏል። የሱሪው ማንጠልጠያ ተፈትቶ ይወዛወዛል። ሰው "አስታውስ!" ይላል። ከዚያ አፍ ውስጥ ከረሜላ።

የማን ሸሚዝ? የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እማዬ ከመጋረጃ የሰፋችልኝን ቀሚስ ነበር የለበስኩት።

ደግሞ ሸሚዝ ፊቱ ላይ የወረደበት ሰው የራሱን እምብርት ያያል? ፊችን ሲያቆሙት፣ ቀይ ሆኖ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ዶሪን "ምን አዩ?" ብላ ጠየቀችው። "ሸሚዜን ከውስጥ" አላት። "በጎን በኩል ትንሽ ሰማይ። ከሁሉ የገረመኝ የጅረቱ ድምፅ ከላይ መምጣቱ ነው።"

በእኔ ትዝታ ውስጥ ሰማይ የለም። ጅረቱም ሁልጊዜ ከታች ነው የሚጮኸው።

ኮቱን ሁሉ ታቅፌ ቆሜ ነበር። የሱፍና የዝናብ ሽታ። ያን ቀንም ኮት ታቅፌ ነበር የቆምኩት፤ ትንንሾቹ ሴቶች ልጆች ከአኻያው ሥር ሆነን የወንዶቹን ኮት እንድንይዝ ታዝዘን። ከአንዱ ኮት ኪስ ውስጥ የሞተ ጥንዚዛ አግኝቼ ነበር። ያንተ ኮት ነበር። ይህንን ለማንም ተርኬ አላውቅም፤ ለምን እንዳልተረክሁት አሁን ይገባኛል፤ ከተረቱ ጋር አይሄድም።

ከረሜላው ግን እውነት ነው። ያን ጸደይ ከረሜላ ከጦርነቱ ዘመን ራሽን ወጥቶ እንደልብ ይሸጥ ነበር፤ የተዘቀዘቀ ልጅ ሁሉ አንዳንድ ተሰጠው። አንተ ወደ እኔ መጥተህ፣ አናትህ ላይ ጭቃ እንዳለ፣ በጥርስህ ሰብረህ ግማሹን አፌ ውስጥ አስገባኸው። ጣፋጩን አስታውሳለሁ፣ የተሰበረው ጫፍ ምላሴን እንደቧጠጠውም አስታውሳለሁ። ያ የእኔ ነው። ቀሪው ሁሉ ያንተ ነው።

ምናልባት በዚያ በግማሽ ከረሜላ ነው ሁሉም ወደ እኔ የገባው። አላውቅም። ሰኞ ከሰዓት መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሳንዱዊች ሲበላና ለፊች ቢራ ሲገዛ እኔ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ እጄን አየሁ። ዶሪን መጣችና "ምን ሆንሽ? ዙፋንሽን ወሰደብሽ?" አለችኝ። "አይ፣ ደክሞኝ ነው" አልኳት። አየችኝ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም፣ ከእሷ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

*

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልሂድ። ይህችን ደብዳቤ የምጽፍባት ጠረጴዛ ናት።

አንተ በሄድክበት ዓመት ነው፣ የሻይ ሰዓት ነበር። አባባ ከአጥር ሥራ መጥተው እጃቸውን ታጥበው ዳቦ እየቆረጡ ነበር። አንተ ወረቀቶቹን አስቀመጥክ። ካናዳ። መርከቡ በሴፕቴምበር ነው አልክ። እማዬ ምድጃው ጋ ነበረች፣ አልዞረችም። አባባ ቢላዋውን አላቆሙም።

"የተዘቀዘቀ ልጅ ጥጉን ይጠብቃል" አሉ። "አሳማዋ ላይ የተዘቀዘቅከው አንተ አይደለህም?"

ሃያ አንድ ዓመትህ ነበር፣ ጆሮህ ቀይ ሆኖ ነበር። ያንን ጆሮ አይቼ፣

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ያን ቀን የተዘቀዘቅኩት እኔ ነኝ። ዊልፍ አይደለም። እሱ ኮት ይዞ ነበር።"

ቢላዋው ቆመ። አባባ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ፣ ወይም ለእኔ ረጅም። ከዚያ ወደ አንተ። "እንዲያ ነበር?"

"አዎ" አልክ። በጣም ቀስ ብለህ።

"እንግዲያው ተሳስቻለሁ" አሉ አባባ። የዳቦውን ጫፍ፣ አንተ የምትወደውን ቅርፊቱን፣ ቆርጠው ሳህንህ ላይ አደረጉልህ። ከዚያ በኋላ ስለ ካናዳ ቃል አልተናገሩም። ባቡር ጣቢያም አልመጡም፤ እሱ እውነት ነው። አጥር ሥራ አለኝ ብለው ወጡ።

ያኔ "እኔ ነኝ" ስል ውሸት መሆኑን አውቄ ነበር ወይ? ከሰኞ ጀምሮ ራሴን እየጠየቅኩ ነው። ከቃሉ በፊት ያለውን ማየት አልችልም፤ ካንተ ጆሮ በስተቀር። ከቃሉ በኋላ ደግሞ ስደጋግመው፣ ስደጋግመው፣ ሸሚዙ የእኔ ሆነ። በዚያ መኸር የመምህራን ማሠልጠኛ ልገባ ነበር፤ አልገባሁም፤ አሳማዋን የሚጠብቅ ሰው ቤት መቅረት ነበረበት። ይኼ ያለፈ ነገር ነው። ያነሣሁት ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋብኝ ነው።

*

ይኸውልህ ዊልፍ፣ ሁለት ነገሮች። በዙረቱ ማግሥት፣ ትናንት፣ ሳህን ሳጥብ ነው ጎን ለጎን የመጡልኝ። ሳህኑን አስቀመጥኩት።

አንደኛው። ያን ቀን ቁርጭምጭሚትህን የያዙት አባባ ነበሩ። አሁንም ዓይኔ ላይ ናቸው። ኮፍያቸው ወድቆ ነበር፣ የግራ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍሩ ጠቁሮ ነበር። ልጁን በእግሩ የያዘ ሰው የትኛውን ልጁን እንደያዘ ይረሳል?

ሁለተኛው። አንተ በሄድክ በመጀመሪያው እሁድ፣ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ አባባ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ "ነይ" አሉኝ። ወደ ጅረቱ ወረድን። ወደ ድንጋዩ አልወሰዱኝም። ከአኻያው ሥር አቁመው፣ ከኋላዬ ሆነው ትከሻዬን ይዘው፣ "ከዚህ ሆነሽ እዪ" አሉኝ። "የግንባችንን ጫፍ ከጎተራው ጣሪያ ጋር አገናኚው። አገናኘሽው? አሁን ዓይንሽን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጊው። አሳማዋ እዚያ ናት። ጅረቱ ቢሄድም እሷ አትሄድም።" ደግሜ እንድለው አደረጉኝ። ደገምኩት። "ጎሽ" አሉ።

ያኔ የማውቀውን የሚያስታውሱኝ መስሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ግን የተዘቀዘቀን ልጅ ማን ያስተምረዋል? ደግሞስ ለምን ከአኻያው ሥር? እዚያ የቆመችውን ልጅ፣ የቆመችበት ቦታ ላይ መልሰው አቁመው፣ እሷ ከቆመችበት እንዴት እንደሚታይ ነው ያሳዩዋት።

ያውቁ ነበር። ዳቦውን ሲቆርጡ ያውቁ ነበር። "ተሳስቻለሁ" ሲሉ፣ በሕይወታቸው ተሳስቻለሁ ብለው የማያውቁት አባባ፣ አልተሳሳቱም። "ሂድ" የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም ነበር፤ እንዴት ያሉ ሰው እንደነበሩ ታውቃለህ፤ እኔ ሌላ ቃል አቀበልኳቸውና እሱን ተቀበሉ። አንተ አላመለጥክም ዊልፍ። ቁርጭምጭሚትህን የያዘው እጅ ነው የለቀቀህ።

ይህንን በሕይወት እያሉ ብንደርስበት ምን ያህል መልካም ነበር። አልደረስንም። እኔ ኮት ይዤ ቆሜ ነበር፣ አንተ ባሕር ማዶ ነበርክ።

*

ትናንት ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ጅረቱ ወረድኩ። ጉልበቴ እንዳይሰማ ቀስ ብዬ። የታጨደው ሳማ ደርቆ ነበር፣ የሰው ጫማ ምልክት በየቦታው። ዙሪያዬን አየሁ፣ ፊች እንዳይኖር። ከዚያ የዝናብ ልብሴን አንጥፌ ተኛሁና አናቴን አሳማዋ ላይ አስደገፍኩ።

ቀዝቃዛ ናት። ከጠበቅኩት ይልቅ ለስላሳ ናት፤ የስንት ልጅ አናት አለስልሷታል። ከላዬ የአኻያው ቅጠል ነበር፣ ከቅጠሉ በላይ ሰማይ፣ ደመናው ወደ ምዕራብ ሳይሆን ወደ ምሥራቅ ይሄድ ነበር፣ ካንተ በኩል የመጣ። የጅረቱ ድምፅ በእርግጥም ከላይ ይመጣል። ፊች እውነቱን ነው።

"አስታውሺ" የሚለኝ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው፦ ማንም ያላሰረኝ ሰው ሆኜ ነው እዚህ የኖርኩት። መጀመሪያ አስፈራኝ፤ እግሬ ሥር መሬት የሌለ መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን አጥሩን የምወደው፣ የዶሪንን አፍ የምወደው፣ ከመስኮቴ የሚታየውን ግንብ የምወደው ድንጋይ ነካኝ ብዬ አልነበረም። ዝም ብዬ ነው የወደድኩት። እንደዚያ ከሆነ ትቼው ብሄድም እዚሁ ይቆየኛል። አይደል? አንተ ታውቃለህ። አንተ ሞክረኸዋል።

አሁን የጠየቅኸኝን።

ዛሬ ጠዋት ግራጫውን ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ አናት አወረድኩ። አንተ ቡናማውን ነበር የወሰድከው፤ ግራጫውን እማዬ በዚያው በጋ ለእኔ ገዝታው ነበር። አንድም ቀን ከቤት ወጥቶ አያውቅም። መቆለፊያው ዝጎ ይሆናል ብዬ ዘይት ይዤ ነበር፤ በአንድ ንክኪ ተከፈተልኝ።

ቲኬቱን ግዛ። ኦክቶበር ይሁን፤ ፖሙ ከተለቀመ በኋላ። የመመለሻውን ቀን ግን ክፍት ተወው። እኖራለሁም አልመጣምም አልልህም፤ እስከ አሁን በሰው ትዝታ ነው መልስ ስሰጥህ የኖርኩት፣ ይኼኛውን በራሴ ዓይን አይቼ ልመልስልህ። በሐይቁ በኩል ያለው ክፍል መስኮቱ ወደ የት ነው የሚያየው? ማለዳ ፀሐይ ይገባዋል? ይህንን ጽፈህልኝ አታውቅም።

ለፊች ገና ምንም አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ዝናብ ሲያባራ፣ ከአኻያው ሥር አቆመዋለሁ። አናቱ ምንም እንደማያውቅ ሲረዳ ቅር እንዳይለው እፈራለሁ። ዶሪን ግን ከአሁኑ ጠርጥራለች፤ ሻንጣው ሲወርድ ከመንገድ ሰምታ መሆን አለበት። ቴምብሩን ስትሸጥልኝ "ለዚያ ቀበሮ አዳኝ ንገሪልኝ" አለችኝ፣ "ይቅርታውን በአንቺ በኩል ቢልክም እቀበለዋለሁ።"

ቀኑ አይክበድህ፤ ማታ ማታ የማርጅ ወንበር ባዶነቱ ይቅለልህ። በረዶው ሳይመጣ ጣራህን ለባለሙያ አሳይ። እማዬ ታደርግ እንደነበረው በሩን ስዘጋ ስምህን ጠርቼ ነው የምዘጋው፤ ዛሬም እንደዚያው አደርጋለሁ። የሄድክበት መንገድ የተባረከ ነበር ዊልፍ። ያኔ ያልነገረህ ሰው አሁን ነግሮሃል።

እህትህ፣
ኢኒድ ትራንተር

ይህንንም ልጨምር፦ ዶሪን ያንኑ ዓይነት ከረሜላ አሁንም በማሰሮ ትሸጣለች። ይዤልህ እመጣለሁ። ግማሹ የእኔ ነው።